ሁለት ሆነው የሚወጡት

ነጭ ሸሚዝ፣ ክራባት፣ ደረት ላይ የተሰካ ጥቁር የስም ሰሌዳ፤ ወጣቶቹ የሞርሞን ሚስዮናውያን በየከተማው የሚታወቁት በዚህ ነው። እኔ አብልጬ የማደንቀው ግን ጥንድነታቸውን ነው። ከዩታ ተነሥቶ ፊሊፒንስ ወይም ብራዚል የሚሄድ የ19 ዓመት ልጅ አብሮት የሚኖረውን ሰው አይመርጥም፤ ይመደብለታል። ጠባያቸው ላይገጥም፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውም ሊለያይ ይችላል። ቢሆንም አንድ ቤት ያድራሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ አብረው ያጠናሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ከቤት አይወጣም። ገና ሲግባቡ ደግሞ ምድቡ ይቀየርና ከአዲስ ሰው ጋር መላመድ ይጀምራል። በዚያ ዕድሜ ይህን መቻል ትልቅ ነገር ነው።

ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ጸሎት፣ ስፖርት፣ ቁርስ፣ የመጽሐፍ ጥናት፣ የአገሩን ቋንቋ መለማመድ፤ ከዚያ ጎዳናው። ብዙ በር ይዘጋባቸዋል። ወንዶቹ ለ2 ዓመት፣ ሴቶቹ ለ18 ወራት ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፤ ወጪውን በአብዛኛው ራሳቸውና ቤተሰባቸው ይሸፍናሉ። ትምህርታቸውን የማይቀበል ሰው እንኳ ይህን ትዕግሥት ሊያከብርላቸው ይገባል።

በሳምንት አንድ ቀን ልብስ ያጥባሉ፣ ይገበያሉ፣ ቤት ይደውላሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ መደወል የሚፈቀድላቸው በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር። ዛሬ እናት የልጇን ፊት በየሳምንቱ በቪዲዮ ታያለች፤ ቤተ ክርስቲያኗ ይህን መፍቀዷ እጅግ ደስ ይለኛል።