የፓርላማ አባትና የሌስተር አይሁዳውያን

ሳይመን ደ ሞንትፎርት ሲነሳ ቶሎ የሚጠቀሰው አንድ ነገር ነው፦ በጃንዋሪ 1265 (እ.ኤ.አ.) ከየአውራጃው ብቻ ሳይሆን ከየከተማውም ተወካዮችን ለጉባኤ የጠራ የሌስተር መስፍን መሆኑ። “የፓርላማ አባት” የሚሉት አሉ፤ ሌስተር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ይጠራል።

የታሪክ ምሁሩ ጆን ማዲኮት በ1994 ያሳተመው የሕይወት ታሪክ ይህን ትልቅ ስም ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ ጥንካሬውም እዚህ ላይ ነው። ሳይመን በ1238 የንጉሥ ሄንሪ 3ኛን እህት ኤሌኖርን አገባ። ኤሌኖር ባሏ የሞተባት ነበረች። ከሟቹ መሬት ለሚደርሳት ድርሻ በዓመት የሚከፈላት 400 ፓውንድ እንደሚያንስ ባልና ሚስቱ ለዓመታት ተከራክረዋል። ከመጽሐፉ የምንረዳው የአገር ጥያቄና የቤት ገንዘብ ጥያቄ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው እንደኖሩ ነው። እምነቱ የእውነት ነበር፤ ጥቅሙንም አልረሳም።

ችግሩ ግን የሕይወት ታሪክ የሚከተለው ባለታሪኩን ብቻ መሆኑ ነው። ሳይመን በ1231 ሌስተርን እንደተረከበ፣ ለነፍሱ መዳን ብሎ፣ አይሁዳውያን እስከ ዓለም ፍጻሜ እንዳይኖሩባት ደነገገ። ከከተማዋ ሲወጡ ከትረካውም አብረው ይወጣሉ።

“ዘመኑ እንደዚያ ነበር” የሚል መልስ ይኖራል። እስቲ ቤተሰቡን እንይ። እናቱ አሊስ በ1217 የቱሉዝን አይሁዳውያን ጥምቀት ወይም ሞት ምረጡ ብላለች። የአያቱ እህት ማርጋሬት ግን የተባረሩትን በራሷ ይዞታ ልታስቀምጥ አስባ እንደነበር፣ ሮበርት ግሮስቴስት የተባለው ቄስ ከጻፈላት ደብዳቤ እናውቃለን። ለገቢዋ ይሁን ለሌላ፣ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ቤተሰብ፣ ሌላ ምርጫ ነበረ ማለት ነው።

ከታዋቂው ጉባኤ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል 1264፣ የሳይመን ደጋፊዎች ለንደን ውስጥ ብዙ አይሁዳውያን ገደሉ። በኦገስት 1265 ኢቭሻም ላይ ያሸነፈው ኤድዋርድ የሚስቱ ወንድም ልጅ ነው፤ የክርስትና ልጁም ነበር። ይኸው ኤድዋርድ ነግሦ በ1290 አይሁዳውያንን ከመላው እንግሊዝ አስወጣ። በጦር ሜዳ የተጋደሉት ሁለቱ በዚህ ነገር አልተለያዩም።

ጉባኤው ይጠና፣ ይመስገንም። ግን ማን እንደተጠራ ስንጽፍ፣ ማን ቀድሞ እንደተባረረ በዚያው ገጽ ላይ መጻፍ አለበት።