ከነጥርሱ ወይስ ያለ ጥርስ?

የ31 ዓመት ሰው ሳለሁ የ70 ዓመት አባት ሆኜ መድረክ ላይ ወጣሁ። ጸጉሬ ላይ የሕፃን ፓውደር ነሰነሱ፣ አገጬ ላይ ጥጥ በሙጫ ለጠፉ፣ ከዘራ አስይዘው ለቀቁኝ። ጎበጥኩ፣ ተንቀጠቀጥኩ፣ ሳልኩ፤ ሽማግሌ ያደርጋል ብዬ የማስበውን ሁሉ አደረግሁ። በሁለተኛው ገቢር ከስደት የተመለሰው ልጄ ሲያቅፈኝ ግማሹ ሽበቴ ጥቁር ካፖርቱ ላይ ቀረ። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ልጄ፣ ማለቴ መሪ ተዋናዩ፣ ስንት ሳምንት የተለማመደውን ለቅሶ ትቶ ጀርባውን ለተመልካች ሰጠ። ትከሻው ሲርገፈገፍ አይተው አለቀሰ ብለው ያመኑለት ካሉ እግዜር ይስጣቸው።

ትርኢቱ ሲያልቅ አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ከመጋረጃው ጀርባ ጠጋ አሉኝ። የፓውደሩን ነገር ያነሳሉ ብዬ ስሸማቀቅ፣ «ስማ ልጄ፣ ጸጉርህስ አርጅቷል፤ አፍህ ግን ገና ጎረምሳ ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ኮታቸውን ደርበው ወጡ።

የነገሩኝ ነገር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የዋልተር ብሬናንን ፊልሞች ደጋግሜ ሳይ ነው። ስሙን የሚያውቅ ዛሬ ጥቂት ነው። የድሮ የካውቦይ ፊልም ያየ ሰው ግን ፊቱን ያውቀዋል፤ ከጆን ዌይን ጎን የሚያነክሰው፣ የሚነጫነጨው፣ ቡና የሚያፈላው ሽማግሌ ማለት እሱ ነው። በፊልምና በቴሌቪዥን ከ200 በላይ ሥራዎች ላይ ተሳትፏል። የመሪነቱን ቦታ የያዘው በጣት በሚቆጠሩት ነው።

የተወለደው በ1894 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ማሳቹሴትስ ውስጥ ሊን በምትባል ከተማ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘመተ፤ ተመልሶ ሎስ አንጀለስ ገባ፤ በቦታ ሽያጭ ገንዘብ አገኘ፤ ያገኘውን መልሶ አጣ። ሆሊዉድን ያንኳኳው ለእንጀራ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ኤክስትራ ሆነ። ያኔ ኤክስትራ መሆን ማለት በ1925 የተቋቋመው ሴንትራል ካስቲንግ የሚባል ቢሮ ጋ እየደወሉ ሥራ መለመን ነው። አንድ ቀን ሕዝብ መሐል ትቆማለህ፣ አንድ ቀን ፈረስ ትይዛለህ፣ ብዙውን ቀን ቤትህ ትቀመጣለህ። ብሬናን ይህን ኑሮ አሥር ዓመት ያህል ኖሮታል። በ1933 በተሠራው «ዘ ኢንቪዚብል ማን» ውስጥ ብስክሌቱን የተነጠቀ ሰው ሆኖ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ በማግስቱ ዓመት በአንድ የሦስቱ ስቱጆች አጭር ኮሜዲ ውስጥ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው።

ፊቱን ለይቶ ያወጣለት ዳይሬክተር ሃዋርድ ሆክስ ነው። በ1935 ለተሠራው «ባርበሪ ኮስት» አንድ አጭበርባሪ ሽማግሌ ሲፈለግ ብሬናንን አመጡለት። ሆክስ ሲያወጋው፣ ለሙከራው ቃለ ተውኔቱን ከመጀመራቸው በፊት ሰውዬው ቀና ብሎ «ከነው ወይስ ያለሱ?» ይለዋል። «ከነምኑ?» «ከነጥርሱ ነዋ!» ብሬናን ገና ሳያረጅ አብዛኛውን ጥርሱን ያጣ ሰው ነበር፤ የሰው ሠራሹን አውልቆ ኪሱ ሊከት ይችላል። ሆክስ ጨው የሚጨምር ወገኛ ስለነበር ታሪኩን ቃል በቃል አልምልበትም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ የባለሙያ ጥያቄ ነው። ሰውዬው ክፉ ነው ደግ፣ አዝኗል ተደስቷል ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው አፉን ነው።

እስቲ መስታወት ፊት ቁሙ። ሁለቱን ከንፈሮቻችሁን ወደ ውስጥ፣ ጥርሳችሁ ላይ እጠፉና «ፈረሱ ፈረጠጠ» በሉ። «ፈ» የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ የሚወጣ ድምፅ ነው። ጥርሱ ሲጠፋ የቀሩት ሁለት ከንፈሮች ብቻ ናቸውና ፈረሱ ሻማ የማጥፋት ያህል እፍ ብሎ ይቀራል። «ሰ» ያፏጫል፤ «ጸ» ምራቅ ይዞ ይወጣል። ተናጋሪው ይህን ስለሚያውቅ ቃል ይቆጥባል፣ ያዘግማል፣ አንዳንዱን ፊደል በሩቁ ይዞረዋል። አገጭ ወደ አፍንጫ ሲጠጋ ጉንጭ ይጎደጉዳል፤ ጉንጭ ሲጎደጉድ ዐይን ይተልቃል፤ ሰው እንዲሰማው አንገቱን አስግጎ ይናገራል፤ አንገት ከሰገገ ትከሻው ራሱ ይጎብጣል። ሽማግሌው ከአፍ ተነሥቶ ወደ እግር ይወርዳል። እኔ ያን ማታ የጀመርኩት ከከዘራው ነበር።

(ባለፈው ዓመት ሁለት የታች ጥርሶቼ ተነቀሉ። ሐኪሙ ቋሚ ይሁን ተነቃይ ሲለኝ ተነቃይ አልኩት። ዋጋውን የፈራሁ መስሎት አጽናናኝ።)

ስቱዲዮዎቹ እንዲህ ያለውን ሰው የፈለጉበት ምክንያት ነበራቸው። በ1930ዎቹ ሆሊዉድ በዓመት ከ400 በላይ ፊልም ያመርታል። አብዛኛው ከሰዓት ተኩል አይበልጥም። የባንክ ሥራ አስኪያጁን፣ ሐሜተኛዋን፣ የሆቴል ጸሐፊውን ለተመልካች የሚያስተዋውቁበት ጊዜ የለም፤ ፊቱ ብቅ ሲል ሰውዬው መታወቅ አለበት። ስለዚህ በውል የታሰሩ፣ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ በውሰት የሚዘዋወሩ ፊቶች ነበሩ። ብሬናን የሳሙኤል ጎልድዊን ውለኛ ሆነ። በዚህ አሠራር ብዙዎች አንድ ፊት ሆነው ቀርተዋል። እሱም አንድ ፊት ነበር፤ ውስጡ ግን ሰውዬው ይለያያል።

የኦስካር ሽልማት ለረዳት ተዋናይ መስጠት የተጀመረው በመጋቢት 1937 ሲሆን የመጀመሪያው ወንድ ተሸላሚ ብሬናን ነው፤ «ካም ኤንድ ጌት ኢት» ውስጥ የስዊድን ተወላጅ የሆነ እንጨት ቆራጭ ሆኖ በመጫወቱ። ከዚያ በ1938ቱ «ኬንታኪ» ደገመ፤ በ1940ው «ዘ ዌስተርነር» ሠለሰ። ሦስት ኦስካር የወሰደ የመጀመሪያው ተዋናይ እሱ ነው። በ«ኬንታኪ» የፈረስ ነገር የገባው ያረጀ ባላባት ሲሆን ገና 44 ዓመቱ ነበር። ያኔ ኤክስትራዎችም ድምፅ ይሰጡ ስለነበር የድሮ ጓደኞቹ ናቸው ያስመረጡት የሚል ሐሜት ነበር። ቢሆንስ? አጠገብህ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያስመስል ከኤክስትራ የተሻለ የሚያይ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሌላ ምን ያደርጋል። በነገራችን ላይ፣ በእነዚያ ዓመታት መሪ ተዋናይ የወርቁን ሐውልት ሲወስድ ለረዳቱ የሚሰጠው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነበር።

ያንኑ ዓይነት ሰሌዳ በየካቲት 1940 ሃቲ ማክዳንኤልም ተቀብላለች፤ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ውስጥ ማሚን ሆና ስለሠራች። ኦስካር የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ናት። ሽልማቱ ሲሰጥ የተቀመጠችው ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተለይታ፣ ግድግዳው ጋ ባለ ጠረጴዛ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሆሊዉድ ይሰጣት የነበረው አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሠራተኛ ሚና ነው። ብሬናን «ከነው ወይስ ያለሱ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ዳኛም፣ ሰካራምም፣ ቄስም ሊሆን ነው። እሷ ምኑን ትጠይቅ? ያው ሽርጥ፣ ያው ሻሽ። በዚያች ጠባብ ሚና ውስጥ የፊልሙን ዋና ገጸ ባሕርይ ስካርሌትን በዐይኗ ብቻ ስትገላምጣት ሳይ፣ ከሁለቱ ሰሌዳዎች የከበደው የቱ እንደሆነ ለመናገር አልቸገርም።

ይህን ያነሳሁት ተማሪዎቼ ብሬናን ደግ ሰው ነበር ወይ ብለው ስለሚጠይቁኝ ነው። ፖለቲካው መራራ ነበር፤ የጥቁሮችን የመብት ትግል የሚቃወም ሰው ነበር። እኔን ቢያገኘኝ ወንበር ይስብልኝ እንደሁ አላውቅም። ሙያውን ግን እወስዳለሁ፤ ከእኔ ፈቃድ አልጠየቀምና እኔም አልጠይቀውም።

ከሙያው የምወስደው ዋናው ነገር፣ ሰውዬው ሁልጊዜ ሥራ ላይ መሆኑ ነው። ካሜራው ሲደርስበት አንድ ነገር ይዟል። «ሬድ ሪቨር» ውስጥ ግሩት የሚባል የከብት ነጂዎች ምግብ አብሳይ ነው። መጀመሪያው አካባቢ በካርታ ጨዋታ ተሸንፎ የሰው ሠራሽ ጥርሱን ግማሽ ድርሻ ለአንድ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ ባልደረባው ይለቃል። ሰውዬው ጥርሱን የሚመልስለት ለምግብ ሰዓት ነው። ተራ ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ፊልሙ እየከፋ ይሄዳል፤ ጆን ዌይን የተጫወተው የከብቶቹ ባለቤት እየጨከነ፣ ሰው እየገደለ ይመጣል፤ ትልልቁ ሰው ሁሉ ዝም ሲል ፊት ለፊት ተሳስተሃል የሚለው ይኸው ጥርሱን በቁማር የተበላው አብሳይ ነው። ስናዳምጠው የምናምነው ቀድሞ ስላሳቀን ነው። የሚሣቅበት ሰው ሲቆጣ ያስደነግጣል። ይህን ያወቅሁ ዕለት አዘጋጆች «ማሳቂያ» ብለው የሚሰጡኝን ሚና መናቅ ተውኩ።

«ቱ ሃቭ ኤንድ ሃቭ ኖት» ላይ ደግሞ ኤዲ የሚባል ሰካራም ነው፤ እግሩ ከእሱ ቀድሞ የሚሄድ ዓይነት። ያገኘውን ሰው ሁሉ የሞተች ንብ ነድፋህ ታውቃለች ወይ እያለ ይጠይቃል። የሚንቁት ይስቁበታል ወይም ያልፉታል። የ19 ዓመቷ ሎረን ባኮል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም የምትሠራዋ፣ ጥያቄውን ወደ እሱ ትመልሰዋለች፤ አንተንስ? የኤዲ ፊት ይበራል። ባኮልን ታዋቂ ያደረጋት መሪ ተዋናዩን ቦጋርትን የምታይበት ዐይን ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ይቺ ልጅ ከወገን ናት ብለን የምናምናት ሰካራሙ ሲቀበላት ነው። ረዳት ተዋናይ በር ጠባቂ ነው፤ እሱ ያሳለፈውን ተመልካች ያሳልፋል።

አንድ ጊዜ ግን በሩን ትቶ ቤቱን ወሰደ። በዊሊያም ዋይለር «ዘ ዌስተርነር» ውስጥ ሮይ ቢን የሚባለው የቴክሳስ ዳኛ ነው፤ መጠጥ ቤቱን ችሎት ያደረገ፣ ሰው ሲያሰቅል ዐይኑን የማያሽ። ጋሪ ኩፐር መሪ ተዋናይ ሲሆን ፊልሙ የዳኛው እንደሚሆን ገና ስክሪፕቱን ሲያነብ ገብቶት ቅር ብሎት ነበር። ይህ ዳኛ አይቷት የማያውቃትን ሊሊ ላንግትሪ የምትባል ተዋናይት ያመልካል። ልትጫወት ስትመጣ የአዳራሹን ትኬት በሙሉ ይገዛል። ከዚያ የክት ወታደራዊ ልብሱን ለብሶ፣ ጎራዴውን ታጥቆ፣ በባዶ ወንበሮች መሐል ብቻውን ይቀመጣል፤ እንደ ፋሲካ ዋዜማ ሕፃን። መጋረጃው ሲከፈት ላንግትሪ የለችም። ኩፐር ሽጉጡን ታጥቆ ቆሟል። ከተኩሱ በኋላ ሊሞት የተቃረበውን ዳኛ ተሸክሞ ሊያሳያት የሚወስደውም ኩፐር ነው።

ስንት ሰው የሰቀለ ሰው ነው፤ ሲሞት ግን አንጀት ይበላል። ይህን ቦታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አላውቅም። መድረክ ላይ የኖረ ሰው ባዶ አዳራሽ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰባት ሰው ፊት ተጫውቻለሁ፤ ሰባቱም ከዝናብ የተጠለሉ። ብሬናን ግን ከመድረኩ ማዶ ተቀምጦ፣ አንድ ሰው አዳራሽ እንዴት እንደሚሞላ አሳየኝ።

ለተማሪዎቼ ድምፁን አጥፍቼ የማሳያቸው «ሪዮ ብራቮ»ን ነው። በ1959 ሲወጣ ብሬናን ስድሳዎቹን አጋምሷል፤ ለ25 ዓመት ሲጫወተው የኖረው ዕድሜ ገና ያኔ ደረሰበት። ስተምፒ የሚባል አንካሳ የእስር ቤት ጠባቂ ነው። ሥራዬን የሚያመሰግን ጠፋ ብሎ ሲነዘንዝ ጆን ዌይን ጎንበስ ብሎ አናቱን ይስመዋል። ስተምፒ መጥረጊያ ያነሣና ሊወጣ ፊቱን ያዞረውን ዌይንን ከኋላው ያሳርፍበታል። ልጆቹ ይሥቃሉ፤ ሁሉም ያዩት መጥረጊያውን ነው። ወደ ኋላ እመልስና አሁን ዌይንን ብቻ እዩ እላቸዋለሁ። ያ ፊልሙን ሙሉ እንደ ግንብ የቆመ ሸሪፍ፣ አያቱ እንደገረፈው ልጅ በሩን ይዞ ይወጣል።