ቀዩ እስክሪብቶና ጀማሪው ደራሲ

በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ይሰበሰባል። አንዱ ሠልጣኝ ድርሰቱን ቆሞ ያነባል፤ ሲጨርስ ይጨበጨብለታል፤ «ጥሩ ነው፣ በርታ» ይባልና ወደ ሌላው ይታለፋል። ያው ሠልጣኝ ከነስሕተቱ ተመርቆ የአማርኛ መምህር ይሆናል። ጭብጨባው ደግነት መስሎን ነበር፤ ነገ በእሱ እጅ የሚማሩትን ልጆች ግን አላሰብናቸውም።

ይህን እናርማለን ብለን ደግሞ አንድ ጊዜ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደናል። አንዲት ሠልጣኝ ስለ አንዲት እናት የገበያ ውሎ የጻፈችውን አጭር ልብ ወለድ ተቀብለን በቀይ እስክሪብቶ ወረድንበት። «ቃላቶች» እና «ሕፃናቶች» የሚሉትን ሰረዝን፤ ቃላትና ሕፃናት ራሳቸው ብዙ ናቸውና። «ጀምበር ሰረቀች» ብላ በእሳቱ «ሰ» ስለ ጻፈች፣ የምትወጣዋ ጀምበር በንጉሡ «ሠ» እንደምትጻፍ፣ ያለዚያ ግን ሌባ እንደምትሆን በኅዳጉ ላይ ገለጽን። እናቲቱ በአገሯ አነጋገር የምትናገረውንም እንዲሁ ሰረዝን። ይኸኛው የእኛ ጥፋት ነበር፤ የገበያ ሴት እንደ መማሪያ መጽሐፍ አትናገርም።

ዋናው ጉድለት ግን አምልጦናል። ታሪኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ «ልጁ ይመታል» ይላል። ስታነብልን ድምጿ አጥብቆ ስለ ነገረን ተመቺው ልጁ መሆኑ ገብቶናል። በወረቀቱ ላይ ግን መቺ ይሁን ተመቺ አይለይም፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይምና። አንባቢ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነበር፤ እኛ ይህን ትተን ሆሄ ለቀምን። በሆሄውም ቢሆን ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ» ሲሉ በዐይኑ «ዐ» ነው የሰየሙት፤ አብዛኞቻችን ግን «አዲስ» እያልን በአልፋው እንጽፋለን።

ልጅቱ ለሦስት ሳምንት ከክበቡ ቀረች። አስጠርተን ስንጠይቃት፣ «መምህር፣ ድርሰቱ መጥፎ መሆኑ ገብቶኛል» አለችን። መጥፎ ነው አላልንም ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው የቅኔ ቤት ትዝ ያለን። ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ይነሣል። ብቻውን ሲቆጥር የዋለውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎበጠውን ያቀናለታል፣ የማይሆነውን ይጥልበታል። እርማቱ ለስላሳ አይደለም፤ ነገር ግን ተማሪው ነገ ሌላ ይቆጥራል። የእኛ ሠልጣኝ ድርሰቷን የምታቀርበው በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ በዚያች ወረቀት ላይ የፈሰሰው ቀይ ቀለም ፍርድ ሆነባት።

ከዚያ ወዲህ በክበባችን ደራሲው የራሱን ድርሰት አያነብም። ወረቀቱን አይቶት ለማያውቅ ጓደኛው ይሰጣል፤ እሱ ሲያነብ ደራሲው ተቀምጦ ያዳምጣል። አንባቢው የሚላላውን አጥብቆ ሲያነብ፣ ወይም ዐረፍተ ነገሩ ረዝሞበት ማንነቱ የጠፋበትን ባለቤት ፍለጋ ሲመለስ፣ ሂሱን የሚነግረው ሰው አያስፈልግም። ድርሰቱም በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ገና ተጽፎ ይቀርባል። ጊዜ ይፈጃል፤ በዚህ ምክንያት የሚያጉረመርሙ ባልደረቦች አሉን።

እኛም ተራ ደርሶን ነበር። ለሠልጣኞች ያዘጋጀነውን ማስታወሻ እንዲተቹት ብንሰጣቸው፣ አንዱ «በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አምስት ‹የ› አለ፤ የቱ የማን እንደሆነ አልለየሁም» ብሎ ጽፎ መለሰልን። በአፋችን የመጣው «የአጻጻፍ ስልታችን ነው» የሚል ነበር፤ ይኸውም ከእነሱ የማንቀበለው መልስ ነው። ወረቀቱን ሁለት ቀን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥነው። በሦስተኛው ቀን ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፈልነው።

ልጅቱ ታሪኳን እንደ ገና ጽፋ አምጥታለች። «ልጁን ይመቱታል» ብላ አስተካክላዋለች፤ የእናቲቱንም አነጋገር መልሳ አስገብታዋለች፤ አልነካነውም። «ሕፃናቶች» ግን አሁንም አለ።