ሰልፉን ከየት ሆነን እንየው?

አንድ ትርኢት «ውብ ነው» ሲባል እኛ አስቀድመን የምንጠይቀው «ከየት ሆኖ ላየው?» ብለን ነው። የሪዮ ዴ ጃኔይሮን የካርኒቫል ሰልፍ እንውሰድ። ኦስካር ኒማየር የነደፈው ሳምባድሮም እ.ኤ.አ. በ1984 ሲከፈት ሰልፉ 700 ሜትር ያህል የሚረዝም ቋሚ መንገድ አገኘ፤ ተመልካቹም የሲሚንቶ ደረጃ። ደረጃ! ለሚወጣው መቀመጫ ነው፤ በዊልቸር ለመጣ ግን ግድግዳ ነው። ጓደኞቹ ወደ ላይ ሲወጡ ለእሱ የሚቀረው የታችኛው ቦታ ነው። ያጌጡት ግዙፍ ጋሪዎች ደግሞ ከፍ ካለ ቦታ እንዲታዩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ከፊቱ ሰው ከቆመበትማ የሚተርፈው የከበሮ ድምፅ ብቻ ነው።

«ቦታ ተሰጥቶት የለም እንዴ? ሌላ ምን ይፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ኧረ ይፈልጋል! ካርኒቫል እኮ አብሮ መጨፈር ነው። ጥግ ይዞ የዋለ ሰው ሰልፍ አየ እንጂ ካርኒቫል አልዋለም።

ያው መንገድ ግን ሌላም ታሪክ አለው። በ2016 የፓራሊምፒክ የቀስት ውድድር የተካሄደው እዚያው ሳምባድሮም ውስጥ ነው። ኢራናዊቷ ዛህራ ነማቲ በዊልቸሯ ተቀምጣ ወርቅ ስትወስድ መሐል ላይ ነበረች፤ ደረጃው ላይ ያለው ሰው ወደ እሷ ያይ ነበር። ሲሚንቶው ያው ነው፤ የተለወጠው መሐሉ ለማን ይሁን የሚለው ውሳኔ ነው።

ስለዚህ ሂሳችን በልብሱና በከበሮው ላይ አይቁም፤ ደረጃውንም ይተች። የገዛ አዳራሾቻችንን ደረጃ መቁጠርም ከዚሁ ይጀምራል።