ስኬሉ ሌላ፥ ሶሎው ሌላ

«ማይነር ስኬሉን ከላይ እስከ ታች አውቀዋለሁ፤ ታዲያ ሶሎው ለምን አይወጣልኝም?» ይህ ጥያቄ በመጠለያችን ጊታር ከሚነኩ ወጣቶች አፍ ዘወትር ይሰማል። በተለይም ጂፕሲ ጃዝ የሚባለውን የአውሮፓ ሙዚቃ በእጅ ስልክ እያዳመጡ ሊከተሉት የሚሞክሩት አብዝተው ይጠይቁታል። ጥያቄው ከሙዚቃም አልፎ ይሄዳል። አንድ ጥበብ ወደ ሕግ ተለውጦ ሲሰጠን ምን ያህሉ ይደርሰናል? ምን ያህሉስ በመንገድ ይቀራል? የሚል ነውና በዚህች የሥነ ጽሑፍ ቅጠል ላይ ቦታ ይገባዋል እንላለን። ሂስ ማለት ግጥምና ልብ ወለድ ማበጠር ብቻ አይደለም።

ሂሳችንን በአንድ ሥራ ላይ እናተኩራለን። ሥራው ጃንጎ ራይንሃርትና ስቴፋን ግራፔሊ የደረሱት፥ በ1937 ፓሪስ ላይ በሸክላ የተቀረጸው «ማይነር ስዊንግ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ሥራ የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዜማው አጭር፥ ኮርዶቹ ጥቂት ሲሆኑ፥ የቀረው ጊዜ ሁሉ ለሶሎ የተተወ ነው። ስለዚህ ሶሎ ከምን እንደሚሠራ ለማየት ከዚህ የተሻለ መስኮት አይገኝም።

አስቀድመን ስለ ሰዎቹ ጥቂት እንበል። «ጂፕሲ» የሚለው ስም ሕዝቡ ለራሱ ያወጣው ስም አይደለም፤ አውሮፓውያን ከግብፅ የመጡ መስሏቸው የለጠፉባቸው ነው። ቋንቋቸው ሲመረመር የጥንት ምንጫቸው ሰሜን ሕንድ መሆኑ ይታወቃል። በጠቅላላው ሮማ ሲባሉ፥ በፈረንሳይና በአካባቢዋ የሚኖረው የጃንጎ ወገን ማኑሽ ይባላል። ጃንጎ በ1910 ቤልጅግ ውስጥ በሠረገላ ቤት ተወለደ። በ1928 ሠረገላው በእሳት ተያያዘና የግራ እጁ ሁለት ጣቶች፥ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ፥ ተኮማትረው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ሶሎውን የሚጫወተው በቀሩት ሁለት ጣቶች ነበር፤ የተጎዱትን ለኮርድ መያዣ ያህል ብቻ ይረዳባቸው ነበር። ኖታ ማንበብ አያውቅም፤ በኋላ ዘመን ሰፋፊ ድርሰቶችን ሲያስብ እንኳ ክላሪኔት ተጫዋቹ ዤራር ሌቬክ እየሰማ ይጽፍለት ነበር። በ1953 በአርባ ሦስት ዓመቱ አረፈ።

በ1934 ከግራፔሊ ጋር ያቋቋመው የአምስት ሰዎች ባንድ ሦስት ጊታር፥ አንድ ቫዮሊንና አንድ ባስ ብቻ ነበረው። ከበሮ የለውም። የከበሮውን ሥራ የሚሠሩት ሁለቱ አጃቢ ጊታሮች ናቸው፤ ከእነሱም አንዱን የጃንጎ ወንድም ዦዜፍ ይዞ ነበር። አመታታቸው በፈረንሳይኛ «ላ ፖምፕ» ይባላል፤ ውኃ መሳቢያው ፓምፕ እንደ ማለት ነው። በአራት ምት ውስጥ ሁለተኛውና አራተኛው ጠንከር ተደርጎ ይመታና ወዲያው በእጅ ይታፈናል። ብዙ አድማጭ ይህን አጀብ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ዓይኑም ጆሮውም ሶሎው ላይ ነው። ዋናው ስሕተት ከዚህ ይጀምራል፤ ሶሎው የሚናገረው ከዚህ አጀብ ጋር ነውና።

አሁን ወደ ስኬሉ እንምጣ። ከላ ብንነሣ ተፈጥሯዊው ማይነር ላ፥ ሲ፥ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል ነው። ሃርሞኒክ የሚባለው ሶልን በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ሶል ሻርፕ ያደርጋታል። ሜሎዲክ የሚባለው ወደ ላይ ሲወጣ ፋንም ሶልንም በግማሽ በግማሽ ከፍ ያደርጋል። እንግዲህ ሦስቱ ስኬሎች በአምስት ድምፅ ይስማማሉ፤ በፋና በሶል ግን ይጣላሉ። የማስተማሪያ ወረቀቶች ሦስቱን አንዱን ከአንዱ ሥር ጽፈው «አጥና» ይላሉ፤ ተማሪውም ያጠናል። ታዲያ በየትኛው ሰዓት የትኛው ፋ፥ የትኛው ሶል እንደሚነካ ማን ይንገረው? ስኬሉ አይነግረውም። የሚነግረው ከሥሩ የሚሰማው ኮርድ ነው።

የ«ማይነር ስዊንግ» ሶሎ የሚዞርበት ክብ አሥራ ስድስት ባር ነው፤ ባር ስንል አራት ምት የሚይዘውን ክፍል ማለታችን ነው። በጥንድ በጥንድ ስንቆጥረው እንዲህ ይሆናል፤ ላ ማይነር፥ ሬ ማይነር፥ ሚ ሰባት፥ ላ ማይነር፤ ደግሞ ሬ ማይነር፥ ላ ማይነር፥ ሚ ሰባት፥ ላ ማይነር። የዚህ ሙዚቃ ሰዎች ማይነር ኮርዳቸውን በስድስተኛ ድምፅ ማጣፈጥ ይወዳሉ። ስለዚህ የቤቱ ኮርድ ላ፥ ዶ፥ ሚ፥ ፋ ሻርፕ ይሆናል። ሬ ማይነሩ ደግሞ ሬ፥ ፋ፥ ላ፥ ሲ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ በመጀመሪያው ኮርድ ከፍ ብላ የነበረችው ፋ በሁለተኛው ላይ ወደ ቦታዋ ወርዳለች። በአንድ ስኬል ብቻ የሚጓዝ ሰው ከሁለቱ በአንደኛው ላይ መሰናከሉ አይቀርም።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። በሚ ሰባት ላይ ጃንጎና ተከታዮቹ አዘውትረው የሚሰብሩት ዲሚኒሽድ የሚባለውን ቡድን ነው፤ ይኸውም ሶል ሻርፕ፥ ሲ፥ ሬ፥ ፋ። ይህን ከቀደመው ከሬ ማይነር ስድስት ጋር እናስተያየው። ሲ፥ ሬ እና ፋ በሁለቱም ውስጥ አሉ። የተለወጠችው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት፤ ላ የነበረችው በግማሽ ዝቅ ብላ ሶል ሻርፕ ሆነች። ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ ሶል ሻርፕ በግማሽ ወጥታ ላ ትሆናለች። መሄድና መመለሱን ጆሮ የሚያውቀው በዚህች ጠባብ እርምጃ ነው። ሰባቱን ድምፅ በፍጥነት ከላይ እስከ ታች የሚያፈስ ተጫዋች ይህችን እርምጃ በጎርፍ ውስጥ ያሰጥማታል፤ ጣቱ ሲሮጥ ይታያል፥ ዜማው ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

የእኛ አገር ጆሮ በዚህ ላይ የራሱ የሆነ ፈተና አለበት። ትዝታ ማይነር የምንለው ቅኝት ከላ ሲነሣ ላ፥ ሲ፥ ዶ፥ ሚ፥ ፋ ነው። አምስቱም በሃርሞኒክ ማይነር ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህም በትዝታ ያደገ ልጅ «ማይነር ስዊንግ» ላይ ገብቶ ሲጫወት የመጀመሪያዎቹ ባሮች ያምሩለታል። የጎደሉት ሁለቱ ግን ሬ እና ሶል ሻርፕ ናቸው፤ ሬ የሁለተኛው ኮርድ መሠረት፥ ሶል ሻርፕ ደግሞ ሚ ሰባትን ሚ ሰባት የምታሰኘዋ ድምፅ። ኮርዱ ሲያልፍ የኛ ተጫዋች ባለበት ቆሞ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስንል ቅኝታችንን ማሳነሳችን እንዳይደለ ይታወቅልን። ክራር አንዴ በትዝታ ከተቃኘ በዚያው ይጸናል፤ ውበቱም ድምፅን በማሽሞንሞን፥ በመመላለስና በማሳደር ላይ ነው። የማኑሾቹ ጥበብ ደግሞ ከኮርድ ወደ ኮርድ በሚሻገሩበት ቅጽበት ላይ ነው። ሁለት ቤት ናቸው፤ የአንዱን ቁልፍ ይዞ የሌላውን በር መግፋት ድካም ነው።

ታዲያ የ1937ቱ ሸክላ ዋጋው ምንድን ነው? በእኛ ግምት ዋጋው ጃንጎ እያንዳንዱን መሻገሪያ በግልጽ ማሳየቱ ነው። ሐረጎቹን የሚጀምረው በአብዛኛው የኮርዱን ድምፆች በመሰባበር ነው፤ ከዚያም ሊያርፍባት ወደሚፈልጋት ድምፅ ከሥሯ በግማሽ ተነሥቶ ይገባባታል። አንዳንዴ ክሩን ጎትቶ ድምፁን ያስለቅሳል፤ ወዲያው ደግሞ ይስቅበታል። ፍጥነቱ የሚመጣው ሊነገር የሚገባው ከተነገረ በኋላ ነው። ይኸው ሰው በ1949 ሮም ላይ ከግራፔሊና ከኢጣሊያውያን አጃቢዎች ጋር ይህንኑ ሥራ እንደ ገና ቀርጾታል። ስኬሉ ያው፥ የኮርዶቹ መንገድ ያው ነው፤ ሶሎው ግን ሌላ ነው፤ አጀቡም ፒያኖና ከበሮ ስላለበት ንግግሩ ሌላ መልክ ይዟል። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው የዚህን ጽሑፍ ርእስ ያለ እኛ ማብራሪያ ይረዳዋል።

በዚህ አጋጣሚ ሁለት የተለመዱ አስተያየቶችን መቃወም እንወዳለን። አንደኛው «በሁለት ጣት እንዲህ የተጫወተ!» እያሉ ማዘንና ማድነቅ ነው። ማዘን መልካም ነው፥ ሂስ ግን አይሆንም። ጉዳቱ የለወጠው መንገዱን ነው፤ እጁን በጊታሩ አንገት ርዝመት ማመላለስ አበዛ። ያ ዲሚኒሽድ ቡድን ድምፆቹ እኩል የተራራቁ ስለሆኑ፥ አንዱን የጣት ቅርፅ ይዞ በሦስት በሦስት ፍሬት ቢንሸራተቱ ያንኑ ኮርድ ደግመው ያገኙታል። ጃንጎ ይህን ማግኘቱ የጆሮውና የአእምሮው ሥራ ነው፤ የእሳቱ ስጦታ አይደለም።

ሁለተኛው አስተያየት «ማይነር የሐዘን ድምፅ ነው፤ ሕዝቡም የተሰደደ ስለሆነ ሙዚቃው ለቅሶ ነው» የሚለው ነው። እርግጥ ሕዝቡ መከራ አይቷል። በ1940 በፈረንሳይ በወጣ ድንጋጌ «ዘላኖች» የተባሉት ከቦታ ቦታ እንዳይንቀሳቀሱ ተከለከሉ፤ ብዙዎቹም በካምፕ ታጎሩ፤ የመጨረሻዎቹ የተለቀቁት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1946 ነው። በናዚዎች እጅ በመላው አውሮፓ ያለቁት ሮማዎች በመቶ ሺህ ይቆጠራሉ። ጃንጎ ራሱ በ1943 ወደ ስዊዘርላንድ ሊሻገር ሞክሮ ከድንበር ተመልሷል። ነገር ግን «ማይነር ስዊንግ»ን ያዳመጠ ሰው ሙሾ አይሰማም፤ የሚሰማው እግር የሚያስነሣ ጨዋታ ነው። በካምፕ የምንኖር ሰዎች ይህን ልንስተው አይገባም። የተፈናቀለ ሕዝብ የሚሠራውን ሁሉ በእንባ ብቻ የሚመዝን ሰው ሥራውን አልሰማውም፤ የሰማው የራሱን ርኅራኄ ነው።

ይህ ጥበብ ያለ ወረቀት እንዴት ከትውልድ ወደ ትውልድ ተሻገረ? በማኑሽ ቤተሰቦች ዘንድ ልጅ በአብዛኛው አስቀድሞ የሚማረው ማጀብን ነው። ታላላቆቹ ሶሎ ሲጫወቱ እሱ ከጎናቸው ተቀምጦ ላ ፖምፑን ይመታል፤ ኮርዱ መቼ እንደሚለወጥ እጁና ጆሮው ሳይጠየቁ ያውቁታል። ከዚያ የታላላቆቹን ሐረግ በጆሮው ቀድቶ ይደግማል። በአልዛስ የተወለደው ቢሬሊ ላግሬን በ1980 የመጀመሪያ ሸክላው ሲወጣ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ የጃንጎን አነጋገር አጥርቶ ይዞት ነበር፤ የራሱን መንገድ የፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛም የቅኔ ተማሪ ከዚህ አይርቅም፤ አስቀድሞ የሌሎችን ሰምቶ፥ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይወጣል እንጂ ግሥ ስላጠና ብቻ ባለ ቅኔ አይባልም። ግሡ ግን ይቅር የሚል የለም። እኛም ስኬሉ ይቅር አንልም፤ ቦታው ከአጀቡ በኋላ ይሁን እንላለን።

ይህን ለማድረግ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። በመጠለያችን ጊታር ጥቂት፥ ጊታር ፈላጊ ብዙ ነው፤ ለዚህ ትምህርት ግን አንድ ጊታርና ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ከላይ የቆጠርናቸውን ስምንት ጥንድ ባሮች ሳያቋርጥ ይምታ። ሁለተኛው ባዶ እጁን ተቀምጦ ላን ብቻ በአፉ ያንጎራጉር፤ በሦስተኛውና በሰባተኛው ጥንድ ላይ፥ ማለት ሚ ሰባት ሲመጣ፥ ግማሽ ዝቅ ብሎ ሶል ሻርፕን ይበል፤ ከዚያም ወደ ላ ይመለስ። ይህን ሳይሳሳት ሃያ ጊዜ ከዞረ በኋላ ጊታሩን ይቀበልና ያንኑ ሁለት ድምፅ ይጫወት፤ ጓደኛውም በተራው ያንጎራጉር። ቀጥሎ ሦስተኛ ድምፅ፥ አራተኛ ድምፅ ይጨመር። በአንድ ወር ውስጥ ስኬሉን ሁሉ ከሚያፈሰው ይልቅ ይህ ሰው የሚሰማ ሶሎ ይኖረዋል።

ይህን የምንለው ስለ ማኑሽ ጊታር ብቻ ብለን አይደለም። በዚህ መጠለያ የአባቶቻቸውን ዜማ በጆሮአቸው ይዘው የመጡ አረጋውያን አሉ። ልጆቻችን ከነሱ አጠገብ ተቀምጠው ካላጀቡ፥ የዜማዎቹን ቅኝት ስም በወረቀት ጽፈን ብናኖረው የሚቀረን ስሙ ብቻ ነው። ማኑሾች በሠረገላና በካምፕ ውስጥ ያለፉት አጃቢ ልጆችን ከጎናቸው አስቀምጠው ነው።

በሐሳባችን የማይስማማ፥ ወይም ልምምዱን ሞክሮ ያገኘውን መንገር የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር የዚህች ቅጠል ጀርባ ባዶ ነው፤ ይጻፍበትና ለሚቀጥለው ያስተላልፍ። ቸር ይግጠመን።