«የዝቅጠት ዘመን»፤ ስለ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ የቀረበ ሒስ

ስለ ልብ ወለድ ታሪክ፣ ስለ ቅኔና ስለ ቴያትር ሒስ መጻፍ የተለመደ ነገር ነው። ስለ ጨዋታ ሒስ መጻፍ ግን ለብዙ አንባቢዎች እንግዳ ሳይሆንባቸው አይቀርም። ጨዋታ ሲባል በልቡናችን የሚመጣው ገበጣ፣ ሰንጠረዥ ወይም ካርታ ነው፤ በእነዚህም ውስጥ ማሸነፍና መሸነፍ እንጂ የሰው ጠባይ ሲመረመር አይገኝም። ዳሩ ግን በዘመናችን በኮምፒዩተር ከሚቀርቡት ጨዋታዎች አንዳንዶቹ ተጫዋቹ እንደ ተዋናይ የሌላ ሰው ኑሮ ለብሶ የሚናገርባቸው፣ የሚወስንባቸው፣ ስለ ውሳኔውም ዋጋ የሚከፍልባቸው ድርሰቶች ሆነዋል። ድርሰት ከሆኑ ደግሞ ከሒስ የሚያመልጡበት ምክንያት የለም። ዛሬ የምናገረው ከእነዚህ አንዱ ስለሆነው፣ በእንግሊዝኛ «ዘ ኤጅ ኦቭ ዴካደንስ» ስለሚባለው፣ እኔም «የዝቅጠት ዘመን» ብዬ ስለተረጐምኩት ሥራ ነው።

ከዚህ ጨዋታ ጋር ያስተዋወቀኝ የእኅቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ይኸኛው እንደ ሌሎቹ አያባብልዎትም» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ በመጀመሪያው ምሽት ሦስት ጊዜ ከሞትኩ በኋላ ነው።

ማባበል የሚለው ቃል በሚገባ የተመረጠ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ወጥቶ በዓለም ዙሪያ እጅግ የተወደደውን «ስካይሪም»ን ብንመለከት፣ አንዱ ተጫዋች በአንድ ዕድሜ የጦረኞቹ ማኅበር አለቃ፣ የአስማተኞቹ ትምህርት ቤት ሹም፣ የሌቦቹም መሪ ለመሆን ይችላል። አንዱ ሹመት ሌላውን አይከለክልም፤ የጦረኞቹ አለቃ ሌሊት ሌሊት ሌቦችን እንደሚመራ ዐውቆ የሚቈጣ ሰው የለም። ይህ ደስ አያሰኝም አልልም፤ እኔም ብዙ ሌሊት ተደስቼበታለሁ። ነገር ግን ሁሉን ለመያዝ የተፈቀደለት ሰው አንዱን መረጠ ለማለት ያስቸግራል። «የዝቅጠት ዘመን» ከዚህ የተለየ ሐሳብ ይዞ የተነሣ ሥራ ነው፤ በውስጡ አንዱን በር የከፈተ ሰው ሌላው በር ከኋላው ሲዘጋ ይሰማዋል።

ያዘጋጀው አይረን ታወር ስቱዲዮ የተባለ አነስተኛ ድርጅት ሲሆን፣ መሪው ቪንስ ዌለር ነው። ጥቂት ሰዎች፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በትርፍ ጊዜያቸው እየሠሩ፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ደክመውበት በ2008 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ማለትም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2015፣ ለገበያ አውጥተውታል። ሥዕሉን ያየ ሰው ድህነቱን ወዲያው ያስተውላል፤ ፊቶቹ ደረቅ ናቸው፣ የሰዎቹም አረማመድ የእንጨት አሻንጉሊት ይመስላል። ሀብቱ በጽሑፉ ላይ ነው። አዘጋጆቹ 600,000 ያህል ቃላት እንዳሉት ይናገራሉ።

ታሪኩ የሚፈጸመው የሮማን መንግሥት በሚያስታውስ፣ ነገር ግን በየትኛውም ካርታ ላይ በማይገኝ አገር ነው። ታላቁ ግዛት በጦርነትና በአስማት ፈርሶ፣ የቀረው ሕዝብ አያቶቹ በሠሩት ግንብ ይኖራል እንጂ ራሱ እንዲህ ያለ ግንብ ሊሠራ አይችልም። ቀድሞ የአንድ መንግሥት የነበረውን ሦስት የመሳፍንት ቤቶች ተካፍለውታል። የዳራታን ቤት ቴሮን በምትባል ደኻ ከተማ፣ የአውሬሊያን ቤት በማዶራን፣ የክራሰስ ቤት በጋኔዛር ተቀምጠው ይጠባበቃሉ። ከእነርሱ ሌላ አራት ማኅበራት አሉ፤ የነጋዴዎች፣ የነፍሰ ገዳዮች፣ የሌቦች፣ አራተኛውም ንጉሠ ነገሥቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት እንኳ ስሙን ያልለወጠው የንጉሠ ነገሥቱ ዘበኛ ጦር ነው። ይህ የመጨረሻው በጣም ያስገርመኛል። የሚጠብቁት ዙፋን ባዶ ሆኖ ሳለ ሥርዓታቸውንና ማዕርጋቸውን ጠብቀው ይኖራሉ፤ ደራሲዎቹም በዚህ አይስቁም፣ አያዝኑም፤ እንዲሁ ያሳዩናል።

ተጫዋቹ ሲጀምር ከስምንት ዓይነት ሰዎች አንዱን ይሆናል፤ ቅጥር ወታደር፣ ነጋዴ፣ ነፍሰ ገዳይ፣ ሌባ፣ አጭበርባሪ፣ ቤት የለሽ ዘዋሪ፣ የመሳፍንት ቤት ባለሟል ወይም የጥንት ጽሑፍ ዐዋቂ። እኔ በመጀመሪያ ቅጥር ወታደር ሆንኩ። አንድ መንገደኛ ነጋዴ በእንግዳ ማረፊያ ቤት አድሮ እንድጠብቀው ቀጠረኝ፤ በዚያችው ሌሊት ግን ተገደለ፤ እኔም ከነፍሰ ገዳዩ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጥኩ። ሥራዬን ስላልተወጣሁ ኅሊናዬ ትንሽ ወቀሰኝ። ታሪኩ ካለቀ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ነፍሰ ገዳይ ሆኜ ጀመርኩ። ማኅበሬ አንድ ነጋዴ እንድገድል ላከኝ፤ ማረፊያ ቤቱን ሳይ ዐወቅሁት። በደጃፍ የሚጠብቅ ቅጥር ወታደር መኖሩንም ዐወቅሁ፤ ቀድሞ እኔው ነበርኩና። ሦስተኛ ጊዜ ሌባ ብሆን፣ ያ ነጋዴ በያዘው ዕቃ ላይ ዐይኔን የጣልኩ ሰው ሆኜ ተገኘሁ።

በእኔ አስተያየት ከጨዋታው ሁሉ የሚበልጠው ሐሳብ ይህ ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ አንዱን ድርጊት በሦስት ሰዎች ዐይን ሊተርክ ይችላል፤ አንባቢው ግን ሦስቱንም ከላይ ሆኖ ይመለከታል እንጂ ከእነርሱ በአንዳቸውም ስም አልወሰነም። እዚህ ላይ የገዛ እጄ የሠራውን የገዛ ዐይኔ ከሌላ ወገን ያየዋል። በመጀመሪያው ጊዜ ጨካኝ አውሬ መስሎ የታየኝ ሰው፣ በሁለተኛው ጊዜ የታዘዘውን የሚፈጽምና ከደጃፉ ያለውን ወታደር የሚፈራ ሰው ሆነ። እንደዚሁም በአንድ ማኅበር ስም ስሠራ ትክክለኛ መስሎ የታየኝ የቴሮን ዕጣ፣ በሌላው ወገን ቆሜ ሳየው ክህደት ነበር። የቴሮን ገዥ ጌታ አንቲዳስ ለአንዱ ተጫዋች የሚታዘዙት አለቃ፣ ለሌላው የሚወገድ መሰናክል ነው። ማን እንደሆነ በሙሉ ለማወቅ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ መመለስ አለበት፤ በተመለሰ ቍጥር ደግሞ ያለፈውን ታሪኩን ትቶ ነው።

ጨዋታው የተጫዋቹን ስም በልዩ ልዩ ሚዛን ይመዝናል። ቃሉን የሚያከብር መሆኑን፣ ለተቀበለው ወገን ታማኝ መሆኑን፣ ስንት ሰው እንደገደለ ይመዘግባል። ሰይፍ ሳይመዝዝ፣ በአንደበቱ ብቻ እየኖረ እስከ መጨረሻው ለመድረስ የሚችል ሰውም አለ። የእኅቴ ልጅ የተጫወተው እንዲህ ነው።

የመረጠው ሰይፍን የሆነ ግን ወየውለት! ፍልሚያው ተራ በተራ የሚደረግ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ከስምንት የመሣሪያ ዓይነቶች ይመርጣል፤ መከላከያውን በጋሻ መመከት ወይም በቅልጥፍና ማምለጥ ያደርጋል፤ በሁለቱም መካከል የቆመ ብዙ አይቆይም። ሦስት ተራ ሽፍቶች ከበውት ከሚያዩት ይልቅ ዘንዶ የሚገድልበት ሌላ ጨዋታ ይቀላል። አንድ ማታ ከሰዓት በላይ የታገልኩበትን ፍልሚያ አሸንፌ የመጨረሻው ጠላት ሲወድቅ መብራት ጠፋ። በማግሥቱ ወደ ፍልሚያው መጀመሪያ ተመልሼ ያንኑ ሰይፍ፣ ያንኑ ብልሃት ይዤ ብገባ በሁለተኛው ተራ ተገደልኩ። በምሽቱ ድል የተመካሁትን ያህል በጧቱ ሞት አፈርኩ፤ በድሌ ውስጥ የዕድል ድርሻ ምን ያህል እንደነበረም ከዚያ ወዲህ ተረዳሁ።

እስከዚህ ያልኩት ምስጋና ነው። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የምለው ያሳዘነኝን ነው፤ ሥራውም ከታላቅነት ያጐደለው ይህ ይመስለኛል።

ንግግሩ የሚካሄደው በችሎታ ሚዛን ነው። ተጫዋቹ ከአንድ ሹም ጋር ሲነጋገር ከፊቱ አንዳንድ መልሶች ይቀርቡለታል፤ በአንዱ ላይ «ማሳመን» ተብሎ ተጽፏል፣ በሌላው «የአደባባይ ሥርዓት»፣ በሌላው «የጥንት ዕውቀት»። ምን ያህል ማሳመን እንደሚበቃ ግን አይነገረውም። ችሎታው ከተወሰነው ቍጥር ከደረሰ ይሳካል፤ በአንዲት ነጥብ ካነሰ ይወድቃል፤ አንዳንድ ጊዜም መውደቁ ሞቱ ነው። ሥራ በፈጸመ ቍጥር የሚሰጠውን ነጥብ በወደደው ጊዜ በየችሎታው ላይ ያውለዋል።

አንድ ቀን የእኅቴ ልጅ ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ ሳይ፣ ብዙ ነጥብ አከማችቶ ምንም ሳያውልበት አገኘሁት። «ነጥቡን ለምን አታውለውም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ በሩ ዋጋውን እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ» አለኝ። ከአንድ የወታደሮች አለቃ ፊት ቀርቦ ንግግሩን ሞከረ፤ ከሸፈ፤ ተገደለ። ወደ ቀድሞው ቦታ ተመልሶ በማሳመን ላይ አንድ ነጥብ ጨመረ፤ እንደገና ተገደለ። ሌላ ነጥብ ጨመረ፤ አለቃው ያንኑ ቃል ሰምቶ ተረታ። ልጁ እየሳቀ ወደ ሚቀጥለው ክፍል ዐለፈ። እኔ ግን ሐሳብ ገባኝ።

ይህ ልጅ ምን መረጠ? አንደበተ ርቱዕ ለመሆን አልወሰነም፤ ሊቅ ለመሆንም አልወሰነም። ገንዘቡን በመቀነቱ ቋጥሮ ገበያ የወጣ ሰው ነው፤ ባለ ሱቁ ዋጋውን ሲጠራ ቈጥሮ ይከፍላል። ጠባዩን ከኑሮው በፊት የያዘ ሰው መሆኑ ቀርቶ፣ ኑሮው የሚጠይቀውን ጠባይ በየደጃፉ የሚገዛ ሰው ሆነ። ጨዋታው እያንዳንዱ ውሳኔ ዋጋ አለው ብሎ ተነሥቶ፣ ዋጋውን በቍጥር ስላደረገው ተጫዋቹን ከወሳኝነት ወደ ሒሳብ ሠራተኛነት አወረደው። ያ የተዘጋ በር፣ ያ ከኋላችን የሚሰማን ድምፅ፣ በሁለት ነጥብ የሚከፈት ከሆነ የተዘጋው በውሳኔያችን መሆኑ ቀርቶ በጐደለው ሒሳባችን ነው።

ለጨዋታው የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፣ በዓለምም ቢሆን ሰው የቃሉን ኀይል አስቀድሞ አያውቅም፤ ሹም ፊት የቆመ ሁሉ ተስፋውንና ፍርሃቱን ይዞ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። ሆኖም በዓለም የሹሙ ፊት አለ፤ ግንባሩን ሲቋጥር፣ ድምፁን ሲያለዝብ፣ አሽከሮቹ ሲተያዩ እናያለን፤ ስለ እርሱም ከሰው ሰምተናል። ጥሩ ደራሲ እነዚህን ምልክቶች በጽሑፉ ያኖራል። «የዝቅጠት ዘመን»ም አንዳንድ ቦታ ያኖራቸዋል፤ ትዕቢተኛውን በውዳሴ፣ ሥጉውን በዛቻ መያዝ እንደሚሻል በንግግሩ ያስታውቃል። በእነዚያ ቦታዎች ወድቄ እንኳ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተቀብያለሁ። በሌላው ቦታ ግን ሁለቱ መልሶች በአነጋገር እኩል ናቸው፤ የሚለያቸው በላያቸው የተጻፈው የችሎታ ስም ብቻ ነው። በዚያ የሞተ ሰው የሚማረው ስለ ሰው አይደለም፤ ስለ ቍጥር ነው።

ሌላም የሚያስከፋ ነገር አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ስምንቱም መነሻዎች ወንዶች ናቸው። ሴት ሆኖ መጫወት አይቻልም፤ በታሪኩም ውስጥ የራሳቸው ሐሳብ ያላቸው ሴቶች ጥቂቶች ናቸው። አንዱን ሌሊት ከሦስት ወገን የሚያሳይ ሥራ አራተኛውን ወገን መርሳቱ ድህነት ነው፤ ይህን ደግሞ በገንዘብ ማነስ ማመካኘት አይቻልም።

የእንግሊዝኛው አጻጻፍ አጭርና መራራ ነው። ሰዎቹ ስለ ክብርና ስለ ዘር ሲናገሩ ቃላቸው ያማረ ነው፤ የሚፈልጉት ግን ከሁለተኛው ዐረፍተ ነገር በኋላ ይታወቃል። ወደ ፍጻሜው፣ የጥንቱ ጦርነት ትቶት የሄደው ምስጢር ካለበት ቤተ መቅደስ ሲደረስ፣ ታሪኩ ከመንደር ተንኰል ተነሥቶ ወደ ላቀ ጥያቄ ይወጣል፤ ተጫዋቹም የአባቶቹን ኀይል ለማንቃት ወይም ተኝቶ እንዲቀር ለማድረግ ይወስናል። ያ ክፍል ከመጀመሪያው ይልቅ ችኵል ሆኖ አግኝቸዋለሁ። ቴሮን ውስጥ በአንድ የማረፊያ ቤት ክፍል የተደከመውን ያህል እዚህ አልተደከመም።

የእኅቴ ልጅ ጨዋታውን ወደ አማርኛ የመመለስ ሐሳብ አለው። ገና የጀመረው የችሎታዎቹን ስም ነው፤ በዚህም ብዙ ምሽት ተከራክረናል። «ማሳመን» አላስቸገረንም፤ «የአደባባይ ሥርዓት»ንም እኔ አመጣሁለት፣ ተቀበለኝ። የመንገዱን ኑሮ፣ የሌባውንና የዘበኛውን ቋንቋ ማወቅን ለሚያመለክተው ግን «የመንደር ብልሃት» ብለው ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ እርሱ እኮ አራዳነት ነው» አለኝ። ቃሉ ለጽሑፍ አይመጥንም ብዬ ሁለት ቀን ተቃወምኩት። በሦስተኛው ቀን ነፍሰ ገዳዩን ይዤ ከማረፊያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ አሳላፊውን በምን ቃል እንደማልፈው ሳስብ፣ ከልጁ ቃል የተሻለ አጣሁ። በትርጕሙ ውስጥ «አራዳነት» ተብሎ ተጽፏል።