የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም

ጠመንጃ ያነሣ ሰው የሰላም መምህር ሊሆን ይችላልን? የዶክተር ሙሉጌታ ገብረሕይወት በርሄ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ ነው። በሕወሓት ታጋይነት ደርግን ወጉ፤ በ1983 ዓ.ም. ድሉ ሲገኝ ደግሞ የተሸነፈውን ሠራዊት ወደ ሰላማዊ ኑሮ የሚመልሰውን ኮሚሽን መሩ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ትጥቁን ፈትቶ ወደየቤቱ ገባ፤ ለገጠሬው በሬና ዘር ታደለው። ከእ.ኤ.አ. 2009 እስከ 2013 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ዳይሬክተር ሆነው የጣናን ፎረም አስጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕስ «ያለፈውን ማሳረፍ» እንደማለት ነው። ስለ ኢሕአዴግና ስለ አገረ መንግሥት ግንባታ ይተርካል። ብርታቱ ከውስጥ መጻፉ ነው፤ ፓርቲና መንግሥት አለመለያየታቸው ያስከተለውን ጉዳት ከቀድሞ ታጋይ አንደበት መስማት ቀላል ነገር አይደለም። ድክመቱም እዚያው ነው፤ ሰላምን ከላይ፣ ከግንባሩ አመራር መስኮት ያየዋል። መጽሐፉን ለሰበታ፣ ለቡራዩ ወይም ለሱሉልታ ነዋሪ ብንሰጠው ሌላ ጥያቄ ያነሣል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ውስጥ ሰው ሲገደል፣ ሺዎች ቤታቸውን ጥለው ሲሸሹ፣ የተሰበረው ጉርብትና ነበር። ጉርብትናን የሚጠግን አንቀጽ ደግሞ በየትኛውም ሕገ መንግሥት አይገኝም።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት፣ በጥቅምት 2013፣ የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ። ደራሲውም ከትግራይ ተራሮች በስልክ የሰጡት ቃል በጥር ወር ለዓለም ተሰማ። ያለፈው አላረፈም ነበር። «ርዕሱ ተሳለቀባቸው» ብሎ ማለፍ ይቀናል፤ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የሰላም ዕውቀት በአንድ ሰው ልብ ቢሞላ አገር አያድንምና።

በሬና ዘር ኑሮን ያቋቁማሉ፤ የቆሰለ ልብ ግን ሰሚ ይሻል። ያለፈውን አሸናፊ ብቻውን ሊያሳርፈው አይችልም፤ የተወጋውም መናገር አለበት። ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ የቀድሞ ታጣቂዎችን የሚመልስ ሌላ ኮሚሽን ተቋቁሟል። የ1983ቱን ሥራ የሚያውቅ ሰው የጻፈው መጽሐፍ ዛሬ በአማርኛ ቢነበብ የሚጠቅመን ስለዚህ ነው። አንባቢ ግን ጎን ለጎን አንድ የደርግ ወታደር ትዝታም ያንብብ። ሁለቱን አስታርቆ ማንበብ ከቻለ፣ ሰላም ከዚያ ይጀምራል።